ካሴቶቼን ሰጥቼ ዘፈኖቹን አስቀረሁ

ቅዳሜ፣ መጋቢት 9 ቀን 1998 ዓ.ም.፣ ናይሮቢ

ዛሬ ካሴቶቼን በሙሉ ለጋሽ ተስፋይ ሰጠኋቸው። ሥራዬ ወደ ጁባ ስለተዛወረ ይዣቸው ልሄድ አልችልም። ዘፈኖቹን ግን አስቀድሜ ኮምፒውተሬ ላይ ገልብጫለሁ። ነገሩ እንዲህ ያስጨንቀኛል ብዬ አላሰብኩም ነበር።

ጋሽ ተስፋይ እዚሁ ኪሊማኒ ከእኔ በታች ያለው ፎቅ ላይ የሚኖሩ ኤርትራዊ ጎረቤቴ ናቸው። ወጣትነታቸውን አዲስ አበባ ነው ያሳለፉት። ካሴቶቹን ሲያገላብጡ አንዱን ይዘው ቆዩና፣ "እዚህ ላይ ሳክስፎን የምነፋው እኔ ነኝ" አሉኝ። ስንት ዓመት የሰማሁት ካሴት ነው። አላውቅም ነበር።

"ለአንቺስ ምን ቀረልሽ?"

"ገልብጫቸዋለሁ።"

"ታዲያ የሰጠሽኝ ምኑን ነው?"

ሳቅሁ፤ እሳቸው አልሳቁም። ያኔም ባለሱቁ ሁሉ ሳያስፈቅዳቸው ካሴቱን እያባዛ ይቸበችበው እንደነበር ነገሩኝ። አፈርኩ። "የእርስዎን አሁኑኑ አጠፋዋለሁ" ስላቸው ደነገጡ።

"ኧረ እንዳታጠፊው! ካሴቱን ቴፕ ቢበላውስ? እንዲያውም ኢምባካሲ ላለችው ልጄ በሲዲ አድርጊልኝ። ሙዚቀኛ ነበርኩ ስላት አታምነኝም።"

አደረግሁላቸው። ተሰናብተውኝ ወረዱ።

ታዲያ ፈቀዱልኝ ማለት ነው? የፈቀዱት የራሳቸውን ትንፋሽ ብቻ ነው። ዘፋኟስ? ድራሙን የመታውስ? የሌሎቹ ካሴቶች ሰዎችስ? ሁሉንም ላጠፋ ሁለቴ ተነሳሁ፤ ሁለቴም እጄ እምቢ አለኝ። ይኸው እሳቸው ያሉበትን ዘፈን ከፍቼዋለሁ። ከታችም ያው ዘፈን ይሰማኛል፤ ትንሽ ቀድሞኛል።