በልጃቸው ፈንታ ራሳቸውን የሰጡት የወይዘሮ ሸዋዓለም ተስፋሚካኤል የሕይወት ታሪክ

ወይዘሮ ሸዋዓለም ከአባታቸው ከአቶ ተስፋሚካኤል ወልዴ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ አስካለ ገብሬ በ1950 ዓ.ም. በልደታ፣ ጌጃ ሰፈር ተወለዱ። በአካባቢያቸው ትምህርት ቤት እስከ ስምንተኛ ክፍል ከተማሩ በኋላ የልብስ ስፌት ሙያ ቀስመው አብነት ሰፈር ሱቅ ከፈቱ። የሰፈሩን ተማሪ ዩኒፎርም ያለበሱት እሳቸው ናቸው። ቀልደኛ ነበሩ፤ ሱቃቸው ገብቶ ሳይስቅ የወጣ የለም።

በ1971 ዓ.ም. ከአቶ ሀብተሥላሴ በየነ ጋር በተክሊል ተጋቡ። ሃያ ዓመት አልፎም ልጅ አልመጣም። አንጀታቸው እያረረ፣ ሐሜተኛውን ግን “የሣራ አምላክ አልሞተም” ይሉት ነበር። በአርባ ሁለት ዓመታቸው ሆዳቸውን ሲነፋቸው ጨጓራ ነው ተብሎ ተልባ ሲጠጡ ከረሙ። በአምስተኛው ወር ጨጓራው ረገጣቸው! በ1993 ዓ.ም. በሱፍቃድ ተወለደ፤ የሰፈሩ እልልታ ዛሬም በጆሯችን አለ።

አቶ ሀብተሥላሴ ግን የደበቁት ነገር ነበር። ልጁ ከመፀነሱ በፊት፣ በግንቦት ልደታ ዕለት፣ ወንድ ልጅ ቢሰጣቸው ሰባት ዓመት ሲሞላው ለገዳም ሊሰጡት ተስለው ነበር። ለባለቤታቸው አልነገሩም። ጊዜው ሲደርስ፣ ወይዘሮ ሸዋዓለም ተኝተው ሳሉ፣ ልጁን በማለዳ ይዘው ወጡ። ይህን ያዩትና ልጁ “ገዳም ልሄድ ነው” ሲል የሰሙት ጎረቤታችን ወይዘሮ ኡሙልኸይር ሮጠው ቀሰቀሷቸው።

ወይዘሮ ሸዋዓለም በነጠላ ጫማ እየሮጡ፣ ባልና ልጃቸው ለስንብት ከንስሐ አባታቸው ዘንድ ቆመው ሳሉ ልደታ ማርያም ደጅ ላይ ደረሱባቸው። አቶ ሀብተሥላሴ የአብርሃምን መታዘዝ ሲጠቅሱ ወይዘሮ ሸዋዓለም “ሣራን ማንም አልጠየቃትም፤ እኔ ግን እጠየቃለሁ! ዘጠኝ ወር የተሸከምኩት እኔ ነኝ” አሉ። ካህኑም ልጅ ያለ ፈቃዱ እንደማይሰጥ፣ ስለቱ ግን በሌላ ሊዋጅ እንደሚገባ ተናገሩ። ወይዘሮ ሸዋዓለምም ሳያቅማሙ “እንግዲያው በጉ እኔ ነኝ” አሉ።

ከዚያች ዕለት ጀምሮ የቤተ ክርስቲያኑን መጋረጃና የዲያቆናቱን ልብስ ያለ ዋጋ ሰፉ። ባለቤታቸውንም አልማሩም፤ የልብስ ቁልፍ መትከል አስተምረው አጠገባቸው አስቀመጧቸው። በልጁ ምክንያት ሥጋት የገባበት ትዳር በዚያ ሱቅ ተጠገነ። በሱፍቃድም በእናቱ ጉያ አድጎ የኤሌክትሪክ ባለሙያ ሆነ።

ወይዘሮ ሸዋዓለም ባደረባቸው የጉበት ሕመም ለአንድ ዓመት ታከሙ። ሐኪሞች ሁለተኛ ቀዶ ሕክምና ባነሱ ጊዜ ዘመድ ሁሉ ዓይኑን ወደ አቶ ሀብተሥላሴ አዞረ። እሳቸው ግን አልጋው ሥር ተንበርክከው “ሸዋዬ፣ አንቺ ምን ትያለሽ?” አሉ። ወይዘሮ ሸዋዓለም ያን የታወቀ ሳቃቸውን ሳቁ። “አሁን ተማርክ፤ በል ቤቴ ውሰደኝ” አሏቸው። በፈቃዳቸውም ቤታቸው ገብተው፣ ባልና ልጃቸው እጃቸውን እንደያዙ፣ ጥር 9 ቀን 2018 ዓ.ም. በ68 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም አረፉ።

ባለቤታቸው አቶ ሀብተሥላሴ፣ ልጃቸው በሱፍቃድ፣ እህታቸው ወይዘሮ ሀረገወይን፣ እኛ የእህታቸው ልጆችና ያለበሱት ሰፈር ሁሉ ቀርተናል።

ቃል ኪዳኑን የማይረሳ አምላክ ነፍሳቸውን በአብርሃም፣ በይስሐቅና በያዕቆብ አጠገብ ያኑርልን። ሣራም ጠጋ ብላ ቦታ ትስጣቸው፤ የሚያወጉት ብዙ አላቸው። አሜን።