ለመግለጽ ፈቃደኛ አልሆነችም

ይድረስ ለእህቴ፣

አባታችን ሰላምታ የሌለው ደብዳቤ አይጻፍም ይል ስለነበር ልጠይቅሽ፤ እንዴት ነሽ? የሐዋሳ ሙቀት ተስማማሽ? ያ ራስ ምታትሽ ተወሽ? በየነ ደህና ነው፤ አየር ጤና ጋራዥ ውስጥ ሲጎነበስ ይውልና ማታ ወገቤን እሺልኝ ይለኛል። ራዕይም በጤናዋ ደህና ናት። ስለ እኔ አትጠይቂ፤ ተናድጃለሁ። ስልክ ላይ ስጮህብሽ ኔትወርክ ነው ብለሽ ስለምትዘጊ፣ በቴሌግራም የጻፉት ደግሞ የት የት እንደሚደርስ ስላየሁ፣ ይህን በበየነ ወዳጅ ሹፌር እጅ ልኬልሻለሁ።

የመመረቂያ ጥናትሽን አነበብኩት። አንቺ አልሰጠሽኝም። የጸሎት ቡድናችን መሪ የጤናዬ ልጅ ማራናታ ከኮሌጅ ጓደኞቿ ደርሷት ለእናቷ ላከችላት፣ ጤናዬ ደግሞ እያለቀሰች ለእኔ። ርዕሱ የእህቶች የጸሎት ቡድን አባላት ምስጢርን እንዴት እንደሚሸከሙ የሚያሳይ ዓይነታዊ ጥናት ይላል። እኔስ ሸክሙን ልታቀልዪልን የመጣሽ መስሎኝ ነበር።

ምዕራፍ ሦስትን ደጋግሜ አነበብኩት። ዓይነታዊ ጥናት ብዙ ሰው አይቆጥርም፣ ጥቂቶችን ቀርቦ በጥልቀት ይሰማል ትያለሽ። ሰው ለገዛ ኑሮው የሚሰጠውን ትርጉም ይፈልጋል ትያለሽ። አጥኚው አብሮ ውሎ፣ አብሮ ተቀምጦ ያያል፤ አዲስ ነገር መስማት ሲያቆም ያኔ ይበቃዋል። ደስ ይላል፣ እውነቴን ነው፣ ሲነበብ ደስ ይላል። ያገኘውን ለተሳታፊዎቹ መልሶ እንዲህ ነው ወይ ያላችሁት ብሎ ይጠይቃል የሚለው ጋ ስደርስ ግን ሳቄ መጣ። ማንን ጠየቅሽ? ለማን አሳየሽ?

ፈቃድ አግኝቻለሁ ብለሽ ጽፈሻል። ልክ ነሽ፣ ፈርሜልሻለሁ። ስፌት ቤቴ መጥተሽ፣ የድምፅ መቅጃሽን ከስፌት መኪናዬ አጠገብ አስቀምጠሽ የጠየቅሽኝን ሁሉ የመለስኩልሽ ወድጄ ነው። ረቡዕ ረቡዕ ጤናዬ ሳሎን ዓይናችንን ጨፍነን የጸሎት ርዕሳችንን ስናቀርብ ግን ማን ፈረመልሽ? መሃላችን ያስቀመጥንሽ እኮ እህት ብለን ነው። ራዕይን እንዳልወለድኳት ለራሷ የምነግርበት ድፍረት እንዲሰጠኝ ጸልዩልኝ ስል፣ ያልኩት ለእግዚአብሔር ነው። እነዚያ ወሬ ይወዳሉ የምትያቸው ሴቶች አንዲት ቃል አላወጡም። አንቺ "የተሳትፎ ምልከታ" ብለሽ አወጣሽው። አሁን ረቡዕ ተሰብስበን ስለ አገር ሰላም ብቻ ነው የምንጸልየው፤ የራሷን ጉዳይ የምታነሣ ጠፍታለች።

ተሳታፊ ስድስት አደረግሽኝ፤ ስሜንም ቀይረሽ ምሥራቅ አልሽኝ። ከዚያ፣ ለአንባቢ ቁልጭ ብሎ እንዲታየው ነው መሰለኝ፣ አስኮ የምትኖር፣ የመዘምራን ልብስ የምትሰፋ፣ ባሏ የሚኒባስ መካኒክ የሆነ ብለሽ ጨመርሽበት። አስኮ ላይ ለመዘምራን የሚሰፋ ሌላ ማን አለ? ሱቅ የተላከ ሕፃን እንኳ ደጄን ያሳይሻል።

ራዕይም አነበበችው፣ ከማራናታ ስልክ ላይ። አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው፤ እንደ አንቺ ያገኘችውን ሁሉ ታነባለች። ስፌት ቤት መጥታ ቦርሳዋን ሳታወርድ፣ ተሳታፊ ስድስት አንቺ ነሽ ወይ አለችኝ። መዋሸት አቃተኝ። አሁንም እማዬ ትለኛለች፤ ግን ከማለቷ በፊት ትንሽ ቆም ትላለች። ይህን የምነግርሽ እንዲያምሽ ነው።

ስደውልልሽ ምን አልሽ? ስምሽን ቀይሬያለሁ፣ የሙያውን ሥነ ምግባር ጠብቄያለሁ፣ አማካሪዬም አጽድቆታል አልሽ። አማካሪሽ ምን ያውቃል? እዚያው ምዕራፍ ሦስት ላይ አጥኚው ከሚያጠናቸው ሰዎች ጋር ያለውን ዝምድናና የራሱን ቦታ ሳይደብቅ ይግለጽ ይላል። እኔም ገጽ በገጽ ፈለግኩሽ። "አጥኚዋ ከቡድኑ ጋር የቀደመ ትውውቅ አላት" የሚል አንድ መስመር አገኘሁ። ትውውቅ! እኔ ያን ጸሎት ሳቀርብ ጎኔ ተቀምጠሽ እጄን አጥብቀሽ ይዘሽ ነበር፤ እሱ የትኛው ምዕራፍ ላይ ነው ያለው?

የዛሬ አሥራ ሁለት ዓመት ከዘነበወርቅ ሐኪም ቤት ራዕይን በጋቢ ጠቅልዬ ስወጣ ታክሲው ውስጥ አጠገቤ ነበርሽ። ያዣት ብልሽ እንቢ ብለሽ መስኮት መስኮቱን ስታዪ ደረስን። እኔና በየነ ለማንም ላንናገር ያን ቀን የገባንልሽን ቃል እስከ ዛሬ ጠብቀናል፤ አንቺም ተማርሽ፣ ደስም አለን። አሁን ታዲያ ምን ብለሽ ጻፍሽ? "ተሳታፊዋ የልጅቷን ወላጅ እናት ማንነት ለመግለጽ ፈቃደኛ አልሆነችም።" ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ አሉ! ይህን ስትጽፊ ትንሽ እንኳ አላፈርሽም?

ልጅቷ አሁን አንድ ጥያቄ ብቻ ነው የቀራት፤ በየቀኑ ትጠይቀኛለች። እኔ አልመልስላትም፣ መልሱ የእኔ አይደለም። ቅዳሜ ነይ። መቅጃም ወረቀትም ይዘሽ እንዳትመጪ። ፊት ለፊቷ ተቀመጪና እስቲ ደግሞ አንቺ ተጠየቂ። ይዣት እሄዳለሁ ብለሽ ካሰብሽ ግን እዚያው ሐዋሳሽ ቅሪ፤ ደጄን አትረግጪም።

እግዚአብሔር ልብ ይስጥሽ፣ መንገድሽንም ያቅናልሽ። ታላቅሽ ነኝና ተናድጄም እመርቅሻለሁ። በየነ ሰላም ብሎሻል፤ እሱ እንደ እኔ አልጨከነም።

እህትሽ፣
የራዕይ እናት