የጤና ጣቢያው ግድግዳ

ይድረስ ለእትዬ፣

ወገብሽ እንዴት ሆነልሽ? እኛ ደህና ነን፤ ምንጣፉም ደርቋል።

መንግሥት ጎርፍ ለጎዳቸው ማዘጋጃ ቤቶች ገንዘብ ሊሰጥ ነው። የሚያገኙት ውሃው ከአንድ ሜትር ያለፈባቸው ብቻ ናቸው። ባለቤቴ የማዘጋጃ ቤቱ መሐንዲስ አይደል፤ ግድግዳ ላይ የቀረውን የውሃ ምልክት ለክቶ የፈረመው እሱ ነው። ጤና ጣቢያችን ሊታደስ ነው ተብሎ ሰፈሩ ሁሉ ይመርቀዋል።

ተቆጣጣሪዎች ሐሙስ ይመጣሉ። እሱ ግን እህል አልወርድ ብሎታል። ትናንት የጤና ጣቢያውን ግድግዳ ብቻውን ቀለም ሲቀባ ዋለ። «ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው ቀለም ቀቢ የሆንከው?» ብዬ ብቀልድበት፣ «እስኪ ዝም በይ» አለኝ። እንዲህ ተናግሮኝ አያውቅም።

ይልቅ እትዬ፣ ጎርፉ በጣም በሞላበት ሰዓት የላክሁልሽ ፎቶ አለ አይደል? ልጆቹ ጤና ጣቢያው ደጃፍ ውሃ ውስጥ ቆመው የሚስቁበት፣ ውሃው የትንሹን ጉልበት እንኳ ያልደረሰበት። እባክሽ አጥፊው፤ ልጆቹ አላማረባቸውም። ለማንም አሳይተሽ ከሆነም ሳትደብቂ ንገሪኝ። ከእኔ ስልክ ላይ ባለቤቴ ራሱ አጥፍቶታል።

ልጆቹ ጉንጭሽን ይስማሉ። ወገብሽን ብርድ አታስመቺው። መልስሽ አንድ ቃልም ቢሆን ይበቃኛል፤ ብቻ ከሐሙስ በፊት ይድረሰኝ።

ታናሽ እህትሽ