በዓርብ እንቆቅልሽ ውስጥ ስለበዙት ወዮታዎች

ለተከበሩ ሚስተር ሊዮኔል ብሬስዌል፣
የሃርትሊዴል ሳምንታዊ ጋዜጣ ዋና አዘጋጅ

ጤናዎ የተሟላ፣ የቢሮዎ ማሞቂያ የማይሰናከል፣ ሻይዎም በሰዓቱ የሚደርስ እንዲሆን ከልብ እየተመኘሁ፣ «ጃርት» በሚል የብዕር ስም በየዓርቡ መስቀለኛ የቃላት እንቆቅልሻችሁን የሚያዘጋጀው ሰው ሚስት እንደመሆኔ፣ የሚከተለውን በአደባባይ ለማቅረብ ተገድጃለሁ።

1. ባለቤቴ ዊልፍሬድ «አላስ» የሚለውን፣ ቅድመ አያቶቻችን ወዮ ሲሉ ይጠቀሙበት የነበረውን ቃል፣ በሃያ ሰባት ዓመት ውስጥ አራት ጊዜ ብቻ አስገብቷል፤ ገጾቹን እየቆረጥኩ በብስኩት ቆርቆሮ ስላስቀመጥኳቸው ቆጥሬያለሁ። ባለፉት ሰባት ዓርቦች ግን ወዮ፣ ወዮልኝ፣ ዋይ ዋይ የሚሉ አሥራ አንድ ያረጁ ቃላት ወጥተዋል። ከቢሮዎ የገባ እጅ አለ ብዬ መጠርጠሬን አልደብቅም።

2. ይህንኑ በደብዳቤ ስጠይቅዎ «እነዚህ ቃላት አናባቢ ስለሚበዛባቸው ጥግ ለመሙላት ይመቻሉ» ብለው ስላስተማሩኝ ምስጋናዬ ወሰን የለውም፤ የምግብ ጠረጴዛዋ ከባዶ ካሬዎች ነፃ ሆኖ ለማያውቅ ሴት ይህ ታላቅ እውቀት ነው። ጥርጣሬዬ ግን ባሰ። ከጣራ ወድቆ እግሩ ሲሰበር እንኳ «ደህና ነኝ» ያለ ሰው ለማን ነው የሚያለቅሰው? እውነቱን ለመናገር የቤተ ክርስቲያናችንን ኦርጋን ተጫዋች ሚስ ፔንዳልን ሳይቀር የልቡ ሰው ትሆን ብዬ ጠርጥሬ ነበር፤ እስክጠይቃት ይቅርታ ድረስ መጠርጠሯን ጭራሽ አላወቀችም ነበርና፣ ይኸው ተቀይማኛለች። በመጨረሻ ቁርስ ላይ ራሱን ጠየቅሁት። «ምንም የለም ሂልዳ፣ ጥጉን ለመሙላት ነው» አለኝ፣ ቅቤ የቀባውን ዳቦ እንደገና እየቀባ።

3. ሰኞ ዕለት የዝናብ ካፖርቱን ላጥብ ኪሱን ስፈትሽ የእርስዎን ደብዳቤ አገኘሁ። ከመጪው ገና ጀምሮ እንቆቅልሹ ተዘጋጅቶ ከሌላ ቦታ ስለሚመጣ የእሱ ሥራ እንደማያስፈልግ በሦስት መስመር ገልጸዋል። ደብዳቤውን አሳጥረው አንባቢው እንዳይደክም ስላሰቡ አመሰግናለሁ። ቀኑን ሳየው ሰባት ሳምንት አልፎታል። ይህን ሁሉ ጊዜ አብረን ስንበላና ስንተኛ ለእኔ አልነገረኝም፤ ለወረዳው ሕዝብ ሁሉ ግን በየዓርቡ ሲነግር ከርሟል። እኔም ካሬዎቹን በእርሳስ ስሞላ ከርሜ አልገባኝም። አንጀቴን የቆረጠው ይሄ ነው።

ለጋዜጣዎ ያለኝን፣ እስከ ገና ዋዜማ ብቻ የሚጸናውን ጥልቅ አክብሮት በትሕትና እያረጋገጥኩ፣

ሂልዳ ጋርሳይድ
ከቻፕል መንገድ

ማሳሰቢያ፦ ደብዳቤዎን ደጋግሜ አነበብኩት፤ አንድም የሐዘን ቃል የለበትም። ባለቤቴ አሥራ አንድ ልኮልዎታል። አንዱን መርጠው ይመልሱለት፤ የትኛውም ይበቃዋል።