ሁለት ቀን ያልከው መንገድ

ደምስዬ፣

ከተለየኸን ይኸው ሙት ዓመትህ ደረሰ። ጌሾው ተወቅጧል፣ ጠላው ሰሞኑን ይጠነሰሳል።

ቤቱ እንደተውከው አይደለም። የጓሮው ግድግዳ በክረምቱ ተደርምሶ በድንጋይ አሠራሁት። ልጅህ ውጫሌ ቤት ተከራይታ ትማራለች፤ ቅዳሜ ቅዳሜ በባጃጅ ትመጣለች። እህትህ ይመኙሻል ግን ዛሬም አታናግረኝም። መንገድ ላይ ስንገናኝ ነጠላዋን ወደ ፊቷ ስባ ታልፋለች።

እናትህ ያረፉ ዕለት ጠዋት ጂዳ ደወልኩልህ። ሽማግሌዎቹ፣ አስከሬኑ አንድ ሌሊት ይደርና አንድ ወንድ ልጃቸው አፈር ያልብሳቸው ብለው ነበር። አንተ እያለቀስክ፣ «በአውሮፕላን ሁለት ቀን ነው፤ አልደርስም፣ ቅበሩልኝ» አልከኝ። ፋሲካ በመጣ ቁጥርም ና ስልህ የምትለኝ ይህንኑ ነበር። አውሮፕላን ተሳፍሬ አላውቅ፣ አመንኩህ። ያልከውን ለሽማግሌዎቹ ያደረስኩት እኔ ነኝ። ይመኙሻል የሰማችው ከእኔ አፍ ስለሆነ፣ ወንድሜን ያስቀረችው እሷ ናት ብላ ቀረች።

አንተ በሳጥን ስትመጣ ልቀበልህ አዲስ አበባ ሄድኩ። አስከሬንህን ይዞ የመጣው አብሮህ ይሠራ የነበረ ሰው ነው። አሳዘነኝና፣ ሁለት ቀን ሙሉ አየር ላይ ተቀምጠህ እግርህ አላበጠም ወይ አልኩት። ግራ ገብቶት አየኝ።

«እትዬ፣ ቁርስ በልቼ ተነሥቼ ለምሳ እዚህ ነኝ» አለኝ።

በማግስቱ ማለዳ ተነሥተን ወደ አገራችን ስንመለስ መኪናው ውስጥ ከሳጥንህ ጎን ተቀመጥኩ። ደብረ ብርሃንን አለፍን፣ ጣርማበርን ወረድን፣ ሸዋ ሮቢት ደረስን። እዚያ ላይ፣ በዚህን ያህል ጊዜ ያ ሰው ከጂዳ ባሕሩን ተሻግሮ ገብቷል አልኩ በልቤ። ገና ኮምቦልቻና ደሴ ይቀሩን ነበር። ሐይቅ ስንደርስ ጀንበር አዘቅዝቃለች። አላለቀስኩም። ሰዉ፣ ደንግጣ ደርቃ ነው አለ።

በኋላ የልጅህን መጽሐፍ ገልጬ ካርታውን አየሁት። ቀይ ባሕር ከትንሿ ጣቴ ይቀጥናል።

እንደተጋባን ግሸን ስንወጣ ትዝ ይልሃል? ዳገቱ ሲያዝለኝ በየመታጠፊያው፣ ይኸው ደረስን ትለኝ ነበር። ውሸትህን እያወቅኩ እየሳቅኩ እነሣ ነበር። ሩቁን እያቀረብክ ያደረስከኝ ሰው፣ ቅርቡን ለምን አራቅክብኝ? ሌላ ቤት ነበረው ወይ ብዬ ያንን ሰው ጠየቅኩት። የለም አለኝ፤ ከሥራ መልስ ጋደም ብሎ ጣሪያ ጣሪያውን ማየት ነበር የሚወደው አለኝ። ሌላ ሴት ብትኖር ይቀለኝ ነበር።

ያስቀበርኩህ እናትህ ጎን ነው። በመሃላችሁ አንድ ክንድ አይሞላም።

በሙት ዓመትህ ቀን፣ ሰዉ በልቶ ጠጥቶ ሲመርቅ፣ ይመኙሻልን አጠገቤ አስቀምጬ መንገዱ ምን ያህል እንደነበር እነግራታለሁ። ስምህን ላጠፋ አይደለም። ያንተን ውሸት ለብቻዬ መሸከም ስለደከመኝ ነው። ሻማህን በየዓመቱ አበራለሁ፤ ግሸን በወጣሁ ቁጥርም በየመታጠፊያው አነሣሃለሁ። የማስታውስህ ግን እንደነበርክ ነው፤ ለሰው ሳወራልህ እንደኖርኩት አይደለም።

ሚስትህ አስካለ