ማንቁርቱን ላጣው ወንድሜ ስለተሰጠው የተስፋ ዋንጫ

ለተከበሩ የብሔራዊ ተስፋ የሚጣልባቸው ጀማሪ ኮሜዲያን ሽልማት ኮሚቴ ሰብሳቢ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለሰባቱ ዳኞችና ለመላው የጽሕፈት ቤትዎ ባልደረቦች ጤና፣ በተለይም የጉሮሮ ጤና ከልብ እመኛለሁ። እኔ ባለፈው ወር ዋንጫ የሸለማችሁት ጸጉር አስተካካይ ታላቅ እህት ነኝ። ሰፈሩ የሚያውቀው «ምላጭ» በሚለው ቅጽል ስሙ ሲሆን፣ ስሙ የወጣለት ግን ለእጁ ሳይሆን ለምላሱ ነበር። ሁለት ወንበር ብቻ በምትይዘው ጠባብ ክፍሉ፣ ጸጉራቸውን ትናንት የተቆረጡ ሰዎች ዛሬም መጥተው አግዳሚው ላይ ሲቀመጡ በዓይኔ አይቻለሁ። እኔ ራሴ ሃያ ሁለት ዓመት በመዝገብ ቤት ደብዳቤ ስቀበልና ስመዘግብ የኖርኩ ሰው ስለሆንኩ፣ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር ማቅረብ ይቀለኛል።

1. በመጀመሪያው ዓመት ያስገባው ማመልከቻ፣ ከተያያዘው ጉርድ ፎቶግራፍ ላይ ጥርሱ ስለሚታይ ተመላሽ በመደረጉ እናመሰግናለን። የኮሜዲያን ውድድር ፈገግታ እንደማይወድ በጊዜ ባናውቅ ኖሮ ብዙ እንሳሳት ነበር።

2. በሁለተኛው ዓመት ቀልዶቹን በጽሑፍ እንዲያቀርብ፣ ከእያንዳንዱ ቀልድ ግርጌም ሰው የሚስቅበትን ምክንያት እንዲያብራራ ስላዘዛችሁት ምስጋናችን ወሰን የለውም። በእረፍት ቀኔ እሱ እየተናገረ እኔ ጻፍኩ። ማብራሪያው ላይ ስንደርስ «እታለም፣ ይሄን ካስረዳሁት እኮ ሞተ» አለኝ። ቢሆንም አስረዳ። ከእናንተ የመጣው መልስ «ማብራሪያው ከቀልዱ ይሻላል» የሚል ነበር።

3. በሦስተኛው ዓመት አስቂኝ ስለመሆኑ ከአካባቢው አስተዳደር የድጋፍ ደብዳቤ እንዲያመጣ ጠየቃችሁት። የሚፈርሙት ሹም ስብሰባ ላይ ስለነበሩ ስድስት ቀን ኮሪደር ላይ ቆመ፤ በቆመበትም ተራ የሚጠብቀውን ሕዝብ ሁሉ ሲያስቅ ሰነበተ። በሰባተኛው ቀን ሹሙ ብቅ ብለው የመሥሪያ ቤቱን ጸጥታ አደፍርሰሃል ሲሉ በጥበቃ አስወጡት። ከዚህ የበለጠ የድጋፍ ማስረጃ አለ ብለን ባናምንም፣ ማህተም ስላልነበረበት አላቀረብነውም።

ከዚህ በኋላ ያለውን በቁጥር መለየት ስላቃተኝ ይቅርታዎን እጠይቃለሁ። በአራተኛው ዓመት ለፈተና ስትጠሩት ድምፁ ሻክሮ ነበር። ከዳኞቻችሁ አንዱ ወረቀቱ ላይ «ድምፁ ላይ ቢሠራ ጥሩ ነው» ብለው ጻፉለት። ወንድሜም ይህን እንደ ሐኪም ትእዛዝ ተቀብሎ፣ ሱቁን ከከፈተ እስኪዘጋ ጮክ እያለ ሲለማመድ ሁለት ወር ከረመ። እውነተኛው ሐኪም ዘንድ ስንደርስ ዘግይተን ነበር። ማንቁርቱን ከነዕጢው አወጡት። አሁን የሚተነፍሰው አንገቱ ላይ በተከፈተለት ቀዳዳ ነው፤ የሚናገረውም በኪሱ በሚይዛት ደብተር ላይ ጽፎ ነው።

ከሆስፒታል በወጣ በሦስተኛው ሳምንት የእንኳን ደስ ያለህ ደብዳቤያችሁ ደረሰን። የሐኪም ማስረጃውን ይዤ ጽሕፈት ቤትዎ ድረስ መጣሁ። የተቀበሉኝ ኃላፊ በትሕትና አንብበው «የጤና ጉዳይ በመመሪያው የለም። አሸናፊው ራሱ ቀርቦ ሦስት ደቂቃ ካላሳየ ስሙ ይሰረዛል» አሉኝ። ወንድሜን ይቅርብህ አልኩት። ደብተሩን አውጥቶ «አራት ዓመት ጠብቄያለሁ፤ ልሂድ» ብሎ ጻፈልኝ።

እርስዎ ከፊት ረድፍ ስለነበሩ የሆነውን አይተዋል፤ እኔ ከሦስተኛው ረድፍ ያየሁትን ብቻ ልጨምር። አፉን ሲከፍት ከአንገቱ ፉጨት የመሰለ ትንፋሽ ወጣ፤ አንድ ሰው ሳቀ፤ ከዚያም አዳራሹ በሙሉ። ደብተሩ ላይ «የምሬን ነው፣ መናገር አልችልም» ብሎ ጽፎ ከፍ ሲያደርገው፣ አጠገቤ የተቀመጡት ሴትዮ እንባቸውን በመሐረብ ጠረጉ፤ የሳቅ እንባ። መጀመሪያ ላይ ፊቱ በራ። የለመደው ሳቅ የተመለሰለት መስሎት ነበር። የሚስቁት በምን እንደሆነ የገባው በኋላ ነው። ቢሆንም የተፈቀደለት ሦስት ደቂቃ እስኪያልቅ ከመድረኩ አልወረደም። ከሰባቱ ዳኞች አንዱም ድምፅ ማጉያውን ይዘው «ለኮሜዲያችን አዲስ የዝምታ ስልት ያበረከተ ወጣት» አሉት፤ ለዚህ ስም አወጣጥም እናመሰግናለን።

አሁን ከሁለቱ ወንበሮች አንዱን በጨርቅ ሸፍኖታል። አግዳሚው ላይ የሚቀመጥ የለም። የቀሩት ጥቂት ደንበኞች በመስታወቱ ውስጥ አንገቱን ላለማየት ዓይናቸውን ጨፍነው ይላጫሉ፤ ሲጨርሱም እያጎነበሱ ይወጣሉ። ሰሞኑን ደግሞ ለአዲስ ተወዳዳሪዎች «ኮሜዲያን ድምፁን እንዴት ያገኛል» በሚል ርእስ የምክር ቃል እንዲያሰማ በደብዳቤ ጋብዛችሁታል። ለተሰጠው ክብር እጅ እየነሳሁ፣ እንደማይመጣ በአክብሮት አስታውቃለሁ።

ዋንጫው ይመለስ አልልም፤ ይቅርታ ጠይቁንም አልልም። ይህ ደብዳቤ ገቢ ሆኖ፣ ቁጥር ተሰጥቶትና ተመርቶበት በየትኛው ፋይል ታስሮ እንደሚቀመጥ ከእኔ የተሻለ የሚያውቅ የለም። የጻፍኩት አንድ ቀን አቧራውን የሚያራግፍ ሰው እንዲያነበው ያህል ነው።

ተስፋ ሲጥሉ የሚወድቅበትን ቦታ አይተው የማያውቁ ክቡር ሰብሳቢ ሆይ፣ ለቀጣዮቹም ተሸላሚዎች ዕድሜ እንዲሰጥልኝ እየተመኘሁ፣ በታላቅ አክብሮት እሰናበታለሁ፤

የምላጭ ታላቅ እህት

ማሳሰቢያ፦ ትናንት አንዲት ባልደረባዎ ግብዣው መድረሱን ለማጣራት ስልክ ደውለው ነበር። እጄ እርጥብ ስለነበር ስልኩን ያነሳው እሱ ነው፤ እኔም እንድሰማ ድምፁን ከፍ አደረገው። «ሃሎ፣ ሃሎ» ሲሉት የስልኩን ጀርባ በጥፍሩ መታ መታ አደረገ። ባልደረባዎ ከት ብለው ስቀው «እርስዎማ በስልክም አይተዉን» አሉና ዘጉ። ወንድሜ ስልኩን አስቀምጦ ደብተሩን ሳበና «የቱ ጋ ነው የሳቀችው?» ብሎ ጻፈልኝ።