ስክሪኑ ሲጠቁር

የኔ ዓለም፣ እንደምን ከረምሽ? እኛስ ናፍቆትሽ ነው እንጂ ደህና ነን፤ ፈጣሪ ይመስገን።

የላክሽልን ኮምፒውተር ቤቱን ሞላው፤ እጅሽ ይባረክ። አንድ አመል ብቻ ነበረበት፦ «ይህ ሶፍትዌር ኦሪጅናል አይደለም» ይልና ስክሪኑ ላይ ያለውን ፎቶሽን አጥፍቶ ጥቁር ያደርገዋል። አባትሽ መጀመሪያ ያየው ቀን «ልጄ የላከችውን ዕቃ ፎርጅድ የሚል ማነው!» ብሎ ሶኬቱን ነቀለው። በሳቅ ሞትኩ።

እኔም ቀስ በቀስ ፎቶሽን መመለስ ተማርኩ። በመለስኩት ቁጥር አባትሽ ወንበሩን ስቦ፣ መነጽሩን ጠራርጎ፣ «ይቺ ቆንጆ የማን ልጅ ናት?» ይለኛል። «ያንተው ናት» ስለው ደስታው ልክ የለውም። ቀልድ ሲወድ ታውቂው የለ! አንድ ቀን ግን እኔ ሳልነግረው «ሰማያዊ ሹራቧ! ልጄ ናት!» ብሎ አጨበጨበ። እኔም ምን እንደነካኝ እንጃ፣ አለቀስኩ።

አሁን ኮምፒውተር ጥገና የሚሠራው ጎረቤታችን ኦሪጅናሉን አምጥቶ ጭኖልናል። ላመሰግነው ስጀምር «ተይ እንጂ እማማ፣ ለእናንተ ነው?» ብሎ አቋረጠኝ። እንዲህ ያለ ጎረቤት አይጥፋ! ፎቶሽ ከእንግዲህ አይጠፋም። አባትሽም ጠዋት ሲነሳ መጀመሪያ እሱን ነው የሚያየው።

ለእረፍት እመጣለሁ ማለትሽን ስሰማ እግሬ መሬት አልነካ አለኝ። ምንም ዕቃ እንዳትሸከሚ፣ ምንም አልጎደለብንም። ያንን ሰማያዊ ሹራብ ብቻ አትርሺ። ሙቀት ቢሆንም፣ በሩን ከማንኳኳትሽ በፊት ልበሺው።

መንገዱን ጨርቅ ያድርግልሽ፤
እናትሽ